አባዬና አዲሱ ኳድሮ

እጄን በቤንዚን ባጠብኩ ቁጥር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አባቴ ትዝ ይለኛል። ዛሬም ጋራዤ ውስጥ ጣቶቼን ሳሽ ያው ሽታ መጣና ሃያ ዓመቴ ላይ መለሰኝ፤ መሳለሚያ አጠገብ ወደነበረው ግቢያችን፣ አገር ቤት ልንሄድ ወደተነሳንበት የመስቀል ዋዜማ ጠዋት።

መስቀል ሲደርስ መርካቶ እንዴት ጭር እንደሚል አይተህ ታውቅ እንደሆነ እንጃ። ሱቁ ይዘጋል፣ ባለሱቁ ወደ ትውልድ መንደሩ ይነጉዳል። አባቴ እህል በረንዳ የጤፍ ነጋዴ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ኩንታል ስታመላልስ የከረመች አሮጌ ፒክአፑን አሳጥቦ፣ በደመራ ቀን እናቱ ደጅ ማቆም ትልቁ ደስታው ነበር። ያን ቀን ግን ዕቃው ተጭኖ፣ እናቴ ጋቢና ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ቁልፉ አልዞር አለ። መካኒኩ ጋ ደወለ፤ ትናንት አገሩ ገብቷል። ሌላው ጋ ደወለ፤ እሱም መንገድ ላይ ነው።

«ቁልፍ ማስገቢያውን እኔ እቀይረዋለሁ» አልኩ።

ያኔ የአውቶ ኤሌክትሪክ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ግን ለጓደኞቹ ሁሉ «አካውንቲንግ ነው የምትማረው» እያለ ነበር የሚያወራው። ሴት ልጁ መኪና ስር ስትጋደም ማን ይስማበት? ይህን በሰማሁ ቁጥር ውስጤ ያር ነበር። መኪናዋን ካላስነሳሁ ውሸቱ ልክ ሆኖ ሊቀር ነው።

ጎረቤታችን መለዋወጫ ነጋዴ ነበር። ሱቁን ከፍቶ ያገለገለ ኳድሮ ከነቁልፉ ሰጠን፤ ኳድሮ የምንለው ያንን የመኪናዋን ቁልፍ ማስገቢያ ነው። የባትሪውን ገመድ ፈታሁ፣ የመሪውን ሽፋን በካቻቢቴ ከፈትኩ። አሮጌው የሚወጣው ግን መጀመሪያ ቁልፉ ትንሽ ሲዞርለት ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ድርቅ ብሏል። ቤንዚን ጠብ እያደረግኩ ወዲያ ወዲህ አልኩት። ፀሐዩ ከረረ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከቦ ቆመ።

«ተይው ልጄ፣ በአውቶቡስ እንሄዳለን» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«አባዬ፣ በቃ ብርሃኑን ልቀቅልኝ» አልኩት፤ በሩ ላይ ቆሞ ጋርዶኝ ነበር።

ከብዙ ትግል በኋላ ቀጭ አለ። ውስጡ ያለችውን ፒን በሚስማር ተጫንኩና ኳድሮውን ሳብኩት። ቢጫ ሊጥ ሞልቶታል! አባቴ ቁልፉ ባስቸገረው ቁጥር የምግብ ዘይት ሲያጠጣው ከርሟል፤ የእህል በረንዳው የጤፍ ብናኝ ደግሞ ዘይቱ ላይ ሲቦካ።

«ዘይት ምን አደረገ?» አለ እንደ ጥፋተኛ።

«ልትጋግርበት ምንም አልቀረህም» ስለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

አዲሱን ኳድሮ ከተትኩ፣ ባትሪውን አሰርኩ። «ሞክራት» አልኩት። አንዴ ብቻ አዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ። እስከ ዛሬ ስንት መኪና አስነስቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ግን የለም።

መለዋወጫ ነጋዴው ወደ አባቴ ዞሮ «አካውንቲንግ ነው የምትማረው አላልከኝም?» አለው።

«ማን ነው ያለው? መኪና ነው የምትማረው!» አለ አባቴ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

መሳለሚያን እስክናልፍ ሦስት ጊዜ ቆምን። የሚያውቀውን ሰው ባየ ቁጥር ሞተሩን ያጠፋል።

«ኧረ አንተ ሰው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ለምን ታጠፋታለህ?» ትላለች እናቴ።

እሱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ስማ፣ ልጄ ናት የሠራቻት» ይልና ቁልፉን ያዞራል። ከከተማ ከወጣን በኋላም በየከተማው እንዲሁ ነበር። ስንደርስ ደመራው ተለኩሶ አልቆ፣ ፍሙ ብቻ ቀርቶ ነበር። አባቴ ከዚያ በፊት ደመራ አምልጦት አያውቅም ነበር።

እናቱ ደጅ ወጥታ ስትጠብቀን ቆይታለች። «ምነው ቆያችሁ ልጄ፣ ምን አገኛችሁ?» አለችው። አልሳማትም፣ እንዴት ከረምሽም አላላትም። ሞተሩን አጠፋና ወርዶ እጇን ይዞ ወደ መኪናዋ ሳባት።

«ነይማ እናቴ፣ ቅረቢና ስሚ።»