ስልኩ ላይ የሚያርፈው ባርኔጣ

አያቴ የሠራሁትን የቪዲዮ ትምህርት ባሳየኋቸው ቁጥር መሃል ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ስልኬን ይሸፍኑትና «መብራት ጠፋ፤ በይ አሁን አስተምሪኝ» ይሉኝ ነበር። ያለ ስልኩ ካስረዳኋቸው ቪዲዮው ያልፋል፤ ካቃተኝ እንደገና እሠራዋለሁ። የትምህርት ቴክኖሎጂ ሙያዬ እንዲሆን የወሰንኩት በዚህ ፈተና ነው።

ትናንት ለቡ ባለው ቤታቸው ደጃፍ የለቅሷቸው ድንኳን ሲፈርስ፣ ታላቅ ወንድሜ «ማስተማሩ ሳያንስሽ ደግሞ ቪዲዮ! አባባ ናቸው ያሞላቀቁሽ። አርፈሽ ባንክ ግቢ» አለኝ።

«አልገባም!»

ዛሬ ስለ ክፍልፋይ የሠራሁትን ቪዲዮ ባዶ ወንበራቸው ፊት ከፈትኩ። መሃል ላይ ስልኩን በባርኔጣቸው ሸፍኜ ብርቱካን እየላጥኩ ክፍልፋይን ማስረዳት ጀመርኩ።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ «ለማን ነው የምታስተምሪው?» አለኝ።

ወንበራቸውን ሳብኩለት። «መብራት ጠፍቷል፤ ና ተቀመጥ።»