የጃርላት ዳቦ

በደብሊን ወደብ ሰፈር ሙታን በየዓመቱ በቅዳሴ ላይ ስማቸው ይጠራል። ዊኒ ጌራቲ የወንድሟ የጃርላት ስም ሲጠራ ቀና ትላለች። ሌላ የምትኮራበት የላትም። ባል አላገባችም፤ የዓሣ ፋብሪካው ጉልበቷን ጨርሶ አሰናብቷታል። ጃርላት ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለአገሩ ብሎ የእንግሊዞች የወጣቶች እስር ቤት ገብቶ፣ እዚያው በሳንባ በሽታ ሞቷል።

አብሮት የታሰረ የሰፈሩ ልጅ በኋላ ደራሲ ሆነና ያን ዘመን ጻፈው። የማምለጥ ዕቅዳቸው እንዴት እንደከሸፈ ሲተርክ «ከመካከላችን አንዱ ተናገረ» ብሎ አለፈ፤ ማን እንደሆነ ሳይገልጽ ሞተ። ሰፈሩም አልጠየቀም። እዚያ ሰፈር ነፍስ ያጠፋ ሰው ቢራ ይጋበዛል፣ ጠቋሚ ግን ከነዘር ማንዘሩ ምሕረት የለውም።

መጽሐፉን ፊልም ሊያደርግ የተነሳው ኮርማክ ቤቷ መጣ። ዊኒ እንግዳን ያለ ጨዋታ መሸኘት ነውር ስለሚመስላት፣ ሻይ ቀድታ ስለ ጃርላት የምታውቀውን ሁሉ አወጣችለት።

«ሁሉም ይወደው ነበር። እናቴ ልትጠይቀው ሄዳ እንደሰማችው፣ አንዱ ዘበኛ እንኳ እየደበቀ ዳቦ ይጨምርለት ነበር።»

«ለእሱ ብቻ?» አለ ኮርማክ።

«ለእሱ ብቻ። አንጀት የሚበላ ልጅ ነበር እኮ።»

መጽሐፍ «አንዱ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ፊልም ግን ፊት ይፈልጋል። የሞተ ሰው ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ አይከስስም። ኮርማክ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ አለመሆኑ ማንን እንደሚጠቅም ግን እኔ አላውቅም።

ፊልሙ በተመረቀበት ቀን ጎረቤቷ ዶሊ ከፊት ቦታ ያዘችላት።

«ነገማ ሰላም አትይንም፣ የኮከብ እኅት!»

ዊኒ ሳቀች። ቆይቶ በፊልሙ ላይ ጃርላት የሚባለው ቀይ ጸጉራም ልጅ ከዘበኛው እጅ ዳቦ ተቀበለና ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ የማምለጡን ዕቅድ አንሾካሾከለት። ዶሊ ክንዷን ከዊኒ ክንድ ቀስ አድርጋ አላቀቀች።

በማግስቱ ዊኒ ኮርማክ ጋ ደወለች።

«ወይዘሪት ዊኒ፣ ተመልካቹ እኮ ያዝንለታል። ርቦት ነው ያደረገው።»

«አላደረገውም።»

«ፊልም ነው እኮ…»

«ዳቦውን የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። እሱንስ ትችለው ነበር። የባሰባት፣ ዳቦው ለምን ለእሱ ብቻ እንደተሰጠ ራሷም ማሰብ መጀመሯ ነው። የምትጠይቀው ሰው ሁሉ ሞቷል።

የሙት ዓመቱ ሲደርስ አባ ሌኒሃን ዘንድ ሄደች።

«እሑድ እንደወትሮው እጠራዋለሁ፤ ማንም ያሻውን ይበል» አሏት።

«ዘንድሮ ስሙ ይቅር፣ አባ።»

«አፈርሽበት እንዴ ልጄ?»

ዊኒ ሻርፗን አጥብቃ አስራ ወጣች።

እሑድ የሙታኑ ስም ተጠርቶ አለቀ፤ የጃርላት ስም አልነበረበትም። ዊኒ ቀና አላለችም።