ስሜ የተጻፈበት ሽንት ቤት

ደብረ ማርቆስ የገባሁት ጭቃ ለማቡካት ነው። ዛሬ መድረክ ላይ ሲያስተዋውቁኝ «ከባዶ ተነሥተው» ይላሉ፤ ባዶ ግን አልነበርኩም፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ። ከአምበር ወዲያ ካለች መንደር ወጥቼ ጭድና አፈር ስረግጥ ከረምኩ፤ ቀጥሎ ልስን ለመድኩ፤ ከልስን ወደ ግንብ ተሻገርኩ። ሲሞላልኝ ሁለት ክፍል ቤት ሠራሁና አንዱን ለአንድ አስተማሪ አከራየሁ። ክረምት ሲገባ ጣሪያው አፈሰሰበት። ሊነግረኝ ሲመጣ «ዝናብ እኮ በረከት ነው» አልኩት። ያን ቀን ባለሀብት መሆን እንደምችል ገባኝ።

ከሁለት ክፍል ስድስት፣ ከስድስት ግቢ ሙሉ ሆነ። መሬት ፍለጋ ማዘጋጃ ቤት ስመላለስ «ነገ ተመለስ» የተባልኩባቸው ቀናት ቢደመሩ ሌላ ዕድሜ ይወጣቸዋል። በመጨረሻ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አቆምኩ፤ ፊቱ ሰማያዊ መስታወት ነው። ለሊፍቱ ቦታ ትቼለታለሁ፤ ሊፍቱ ግን አልተገዛም። በሩ ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ለጥፈናል።

ሕንፃው ሲያልቅ እኔም ቁመት ጨመርኩ። ሠርግ ስጠራ በር ሥር እቀመጥ የነበርኩት ሰውዬ ከሽማግሌዎቹ ጎን ወንበር ይለቀቅልኝ ጀመር። ቀልዴም ያስቅ ጀመር፤ ያው የድሮው ቀልድ ነበር።

በጎ አድራጎት ያሰብኩት በቅናት ነው፤ ልዋሽ አልችልም። ሕንፃው ከእኔ በአንድ ፎቅ የሚያንስ ሰው ለትውልድ ቀበሌው ድልድይ አሠርቶ፣ በከተማው አዳራሽ ካባ ሲደረብለት አየሁ። በሳምንቱ አንድ ወጣት መሐንዲስ ጠርቼ ለመንደሬ ትምህርት ቤት የሚሆን ቤተ መጻሕፍት አስነደፍኩ፤ አምስት ምሰሶ ያለው፣ ስሜ ከአስፋልቱ እንዲነበብ ሆኖ ከላይ የተጻፈበት።

ንድፉን ጠቅልዬ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ርእሰ መምህርቷ ወጣት ሴት ነች። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ምሰሶዎቹን በጣቷ ቆጠረች።

«በጣም ያምራል ጋሼ። ሽንት ቤቱስ የት ነው?»

«የቤተ መጻሕፍት ንድፍ ነው እኮ ልጄ።»

«አይ፣ የእኛን ማለቴ ነው። ይምጡ ላሳይዎት።»

ከክፍሎቹ ጀርባ ወሰደችኝ። ጉድጓዱ ሞልቷል፤ ቆርቆሮው ወድቋል። ወንዶቹ አጥሩን ተሻግረው ገደሉ ጋ ይሄዳሉ አለችኝ።

«ሴቶቹስ?»

«ባሕር ዛፉ ውስጥ ይሄዱ ነበር። አሁን እሱም ተቆረጠ። ከፍ ከፍ ያሉት በየወሩ ሳምንት ይቀራሉ፤ ቀጥሎ ጨርሰው ይቀራሉ።»

«ማነው የቆረጠው?»

«ቀበሌው ሸጦት ነው። ከማርቆስ የመጡ ሰዎች ለሕንፃ አጣና ብለው ገዙት።»

ለፎቄ መወጣጫ አጣናውን በደላላ ያስገዛሁት ከዚሁ አካባቢ ነበር። የትኛው ባሕር ዛፍ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ መልሱን ፈራሁት።

ቤቴ ስገባ ግን ንስሐ ሳይሆን ቁጣ ይዞኝ ነበር። «ቤተ መጻሕፍት ይዤላቸው ብሄድ ሽንት ቤት ይሉኛል!» አልኳት ባለቤቴን።

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ሽንት ቤት መሥራት አታውቅም?»

«ስሜ ሽንት ቤት ላይ ተጽፎ ሰው ምን ይለኛል?»

«እስከ ዛሬ ምን ሲልህ ኖረ?» ብላኝ ወጧን ልታማስል ሄደች።

ሠራሁት። ስምንት ክፍል፣ አራቱ ለሴቶች፣ ከውስጥ የሚቆለፍ መወርወሪያ ያለው፣ እጅ መታጠቢያና የውሃ ታንከር የተገጠመለት፤ ስሜም ከበሩ በላይ ተጻፈበት። ከሠራኋቸው ቤቶች ሁሉ የማያፈሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የምረቃው ቀን በሩ ላይ ሪባን ተወጠረ። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ንግግሩን ያዘጋጀው ለቤተ መጻሕፍቱ ነበር መሰለኝ፤ «ልጆቻችን ወደዚህ ገብተው ባዷቸውን አይወጡም» ሲል ተማሪው በሙሉ በሳቅ አለቀ። ሪባኑ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ እንግዶቹ ገብተው ይጎብኙ ወይስ ይቅር የሚለውን የሚወስን ጠፋ፤ ሁላችንም በሩ ላይ ቆመን ስናጨበጭብ ቆየን። ካባውንም እዚያው ደረቡልኝ።

ለምርቃት የተነሡት የደብሩ መሪጌታ ናቸው። ቅኔ አዋቂ ስለሆኑ ፈርቻቸው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ሌላውን ባለጸጋ ሰው የሚያስታውሰው ሲርበው ነው» አሉ፤ «እርስዎን ግን ከጠገበም በኋላ ያስታውስዎታል።» ሕዝቡ እልል አለ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የገባኝ መኪና ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ እጁን አውጥቶ «ሽንት ቤት ልሂድ?» አይልም፤ «እሳቸው ጋ ልሂድ?» ነው የሚለው፤ እኔን ማለቱ ነው። ርእሰ መምህርቷ ሳቋን መያዝ እያቃታት በስልክ ስትነግረኝ ተከፋሁ። እሷ ግን ቀጠለች፦ «ጋሼ፣ ቀርተው ከነበሩት ሴቶች ሁለቱ ተመልሰዋል።» መወርወሪያዎቹ ደህና ይሠሩ እንደሆነ ጠየቅኳት።

ባለፈው ሰኔ ከቁይ በኩል ሦስት ሽማግሌዎች ቢሮዬ መጡ። ትምህርት ቤታቸው እንደተቸገረ ነገሩኝና አንጋፋው፣ «እርስዎ ሽንት ቤት ላይ በርትተዋል ሲባል ሰምተን ነው የመጣን» አሉ።

«ቤተ መጻሕፍትም እኮ እችላለሁ አባቴ» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። «ለእሱ እንኳ ሌላ ሰው አይጠፋም» አሉኝ በትሕትና።

ቅዳሜ መጥቼ ቦታውን አያለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።