ከአባቴ ፎቶግራፍ ሥር የሚጻፈው

በክፍሉ ውስጥ አምስት ነበርን። ሊቀመንበሩ ከነጩ ሰሌዳ አጠገብ ቀይ ማርከር ይዘው ቆመዋል። «ዶክተር» የምንላቸው ሰው ከመስኮቱ ሥር ማሞቂያውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ዶክትሬታቸውን ያየ የለም፣ አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። የወረዳችን ተወላጆች ማኅበር ጸሐፊ ምግብ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ጋ ቆማ ፎይል ትገልጣለች። የሊቀመንበሩ የልጅ ልጅ፣ እዚሁ ተወልዳ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች። እኔ ከልጅቷ ጀርባ ቆሜ ነበር። አንድ ትርፍ ወንበር ነበር፤ የዶክተሩ ኮት ተቀምጦበታል።

ቦታው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሊቀመንበሩ ከሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት። ጊዜው ፌስቡክ ከልጆቹ አልፎ እኛ ሽማግሌዎቹ ዘንድ የደረሰበት ነው። እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ከልጄ ጋር ስለሆነ ሁለት ባቡር ይዤ መጥቻለሁ። የመጣሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማኅበሩ በሚያሳትመው የወረዳችን ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከአባቴ ፎቶግራፍ ሥር ስሙና ሥራው እንዲጻፍ።

እዚህ የማንንም ስም አላነሳም። የእነሱን ብጽፍ ልጆቻቸው ያፍራሉ፤ ልጆቻቸው ምንም አላደረጉኝም። የአባቴን ስም ደግሞ በእነሱ ወሬ መካከል ማስገባት አልፈልግም።

ወረዳችን የብረት አገር ነበር። ከቤታችን በላይ ያለው ቀይ ኮረብታ ድንጋዩ ብረት አለው። ሴቶችና ልጆች ድንጋዩን ቆፍረን፣ ሰባብረን፣ በቅርጫት እናወርዳለን። ወንዶቹ ከጭቃና ከጭድ እስከ ወገብ የሚደርስ ማቅለጫ ይሠራሉ፤ ከውር ይባላል። ድንጋዩንና የወይራ ከሰሉን እያፈራረቁ ይሞሉታል፣ ከሥሩ በፍየል ቆዳ ወናፍ ይነፋል። ከማለዳ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ መንፋት ነው፤ አንዱ ወናፍ ሲነሳ ሌላው ይጫናል። ካቋረጡ እሳቱ ይወድቃል፣ የሳምንት ድካም ከንቱ ይቀራል። ከውሩ ሲፈርስ እንደ ዳቦ ያበጠ፣ ቀዳዳ የበዛበት ብረት ይገኛል። እሱ እየተቀጠቀጠ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሆናል። ወረዳው በሙሉ የሚያርሰው በዚያ ማረሻ ነበር። በኋላ መንገድ ገባ፣ መኪና መጣ፣ የተሰበረ ባሌስትራ ገበያ ላይ ይሸጥ ጀመር። ድንጋይ ማቅለጡ ቀረና ባሌስትራ መቀጥቀጥ ሆነ። አባቴ የመጨረሻዎቹን ከውሮች ካነደዱት አንዱ ነው። ቀጥቃጭ ነበር።

ማረሻውን የሚወስደው ገበሬ አባቴን ከቤቱ አያስገባውም። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይላል። ውሃ ከለመነው በተሰነጠቀ ቅል ይሰጠዋል፣ ቅሉንም ከዕቃው ለይቶ አጥር ላይ ይሰቅለዋል። መሬት አልነበረንም። የሰፈርንበት መሬት የባላባቱ ነው፣ ግብራችን ማረሻ ነው። ባላባቱ የሊቀመንበሩ አያት ናቸው። መሬት የሌለው የግብር ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ የሌለው ወረዳው መዝገብ ላይ ስሙ አይገኝም። አባቴ በየትም ቦታ አልተጻፈም። ያለው አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ መንገዱን ይለካ የነበረ ፈረንጅ አንስቶት በትምህርት ቤቱ በኩል ላከልን። አባቴ ከከውሩ ፊት ቁጢጥ ብሏል፣ ወናፉ ከጎኑ ነው፤ በግራ በኩል ወናፉ ላይ የምትታየው ትንሽ እጅ የእኔ ናት።

የወረዳችን ሰዎች ወደዚህ አገር ሲመጡ ብዙ ነገር ትተው ነው የመጡት። ነጠላ መልበስ የተዉ አሉ፣ ጾም የተዉ አሉ፣ አማርኛውንም የተዉ አሉ። የቡዳውን ነገር ግን በሻንጣ ይዘውት መጥተዋል። ማኅበሩ በየወሩ ሲሰበሰብ ሴቶቹ ምግብ እናመጣለን። እኔ ለዓመታት ምስር ወጥ ሠርቼ አመጣሁ። ሳህኔ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ እንደ መጣ ይመለሳል። አንዷ ስኳር አለብኝ ትላለች፤ ምስር ስኳር እንደሚያስነሳ ከእሷ ሰማሁ። አንዷ ጨጓራዬን ትልና ሳትውል ሳታድር ክትፎ ታነሳለች። አንዲት ወጣት እናት ደግሞ ሕፃኗን ቀና ብዬ ባየው ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ጣለችበት። ያቺ እናት ነርስ ናት። እኔ ሃያ ዓመት ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጥፌአለሁ፤ ባነጠፍኩት አልጋ ላይ የተኛ ሁሉ ጠዋት በሰላም ተነስቶ ሄዷል።

ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ ትለኛለች ልጄ። የምሄደው የሞተውን አገር ቤት የሚልከው ማኅበሩ ስለሆነ ነው። እናቴ አጠገብ መቀበር እፈልጋለሁ። ለዚህ ስል ምስሬን እያመላለስኩ ኖርኩ።

በኋላ የጎረቤት ወረዳ ተወላጆች የታሪክ መጽሐፍ አሳተሙ። የእኛዎቹ ቀኑ። ምን እንጻፍ ተባለ። ንጉሥ አልተወለደብንም፣ ገዳማችን ትንሽ ነው፣ ጦርነትም በዚያ በኩል አላለፈም። ሲፈለግ ሲፈለግ ብረት ተገኘ። በአንድ ወር ውስጥ ሁሉም የብረት ልጅ ሆነ። ስሜን በስልክ ጠርተው የማያውቁ ሰዎች ደወሉልኝ። የሊቀመንበሩ የልጅ ልጅ አሌክሳንድሪያ ድረስ መጥታ ፎቶውን ስካን አደረገች፤ ምስሬንም ሁለት ጊዜ ጨምራ በላች። የነገራት ሰው አልነበረም።

የዚያን ቀን ከሰሌዳው ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ የመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። በሣጥኑ ውስጥ ቀይ ከፋይ ተነጥፎ ጥቁር ድንጋይ ተኝቶበታል። ከፊቱ «ጥንታዊ የብረት ማዕድን» የሚል ካርድ አለ።

«እትዬ፣ አዩልኝ?» አሉ ዶክተሩ። «እዚያው ከቦታው ያነሳሁት። ኤርፖርት ላይ ስንቱን ጥያቄ መለስኩ መሰልዎ! ቦምብ መስሏቸዋል።»

«ምን አሏቸው?»

«የአባቶቻችን ቅርስ ነው አልኳቸው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ዝቃጭ ነው። ከውሩ ሲፈርስ ከብረቱ ተለይቶ የሚጣለው፣ ጥቁር ጠርሙስ የሚመስለው። ክረምት ሲገባ እናቴ ከደጃችን ጭቃ ላይ ትደፋው ነበር፣ እንዳያዳልጠን። ከከውር አጠገብ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ቀዩን ድንጋይና ዝቃጩን አያምታታም።

«ይሄ ዝቃጭ ነው» አልኩ።

«ማለት?»

«ብረቱ ከወጣለት በኋላ የሚጣለው።»

ጸሐፊዋ በሳቅ ፈነዳች። «ውይ ዶክተርዬ! ጥራጊ ነው ተሸክመው የመጡት!»

«እትዬ እየቀለዱ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«በሳይንስ ይረጋገጣል» አሉ ዶክተሩ፤ ሣጥኑንም ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ካርዱን አላነሱትም።

ከዚያ ሊቀመንበሩ የመጽሐፉን ድራፍት አነበቡ። ወረዳው በባላባቱ አርቆ አሳቢነት የኢንዱስትሪ ማዕከል እንደ ሆነ፣ ባላባቱ ባቋቋሙት ፋብሪካ ብዙ ባለሙያዎች ይሠሩ እንደ ነበር ተጽፏል። ሲያነቡ ድምፃቸው የቀብር ንግግር ላይ እንደሚያደርጉት ይወፍራል።

«የቱ ፋብሪካ ነው?» አልኩ።

«ያው እንግዲህ... ከውሮቹ።»

«አያትዎ ከከውር አጠገብ ደርሰው አያውቁም። ጭሱ ያስነጥሳቸዋል። ማረሻውን የሚቀበል ሰው ነበር የሚልኩት።»

ልጅቷ ቀና አለች። «አባባ፣ ያንተ ግራንድፋዘር ናቸው?»

«ታይፕ አድርጊ» አሏት።

የእኔ ፎቶ ለመጽሐፉ ኮቨር ተመርጧል። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ አውጥታ አሳየችኝ። የአባቴ ፊት ከዚያ በፊት እንዲያ ትልቅ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከጎኔ አንድ ፎርም አስቀመጠችልኝ፤ የፎቶው ባለቤት ሳይን ካላደረገ ማተሚያ ቤቱ አይቀበልም አለች። ስክሪኑ ላይ ከፎቶው ሥር ባዶ መስመር አለ።

«እማማ፣ እዚህ ምን ልጻፍ? ማን ናቸው?»

«አባቴ ነው።»

ስሙን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የአማርኛ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች ጻፈችው።

«ሥራቸውስ?»

«ቀጥቃጭ።»

ፎይሉ መንኮሻኮሹን አቆመ። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ሳያውቁ ምስሬን አይመልሱም። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከራሴ አፍ፣ በደህና ድምፅ ሲነገር አልሰሙም።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ፣ ይህ ቃል... ስድብ ነው እኮ። እኛ ማክበራችን ነው።»

«ስድብ ያደረገው ማን ነው?»

«የብረት ኢንጂነር ቢባልስ?» አሉ ዶክተሩ። «ዘመናዊ ነው።»

«ኢንጂነሩ ፎቶውን ያነሳው ነው። የተነሳው ቀጥቃጭ ነው።»

ጸሐፊዋ መጥታ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«እኔ የምለው፣ ስሙ ለምን ይጠቅማል? ስማቸው ያልታወቀ ባለሙያ ይባል፣ ሁሉንም ይወክላሉ። ለእርስዎም ብዬ ነው እትዬ። የልጅ ልጆች አሉዎት፤ ነገ ዘር የሚጠይቅ ይመጣል። መጽሐፍ ደግሞ ከቤት ቤት ይዞራል።»

ከልቧ ነበር። ያዘነችልኝ መሰለኝ። ከሌሎቹ ይልቅ እሷን መስማት ከበደኝ።

«እዚሁ ቆሜ ነው ስሙ የማይታወቀው?» አልኳት።

«ዌይት» አለች ልጅቷ። «ስማቸውን አሁን ነገሩኝ እኮ። ጽፌዋለሁ። አባባ፣ ይሄ ፌር አይደለም።»

«አንቺ አይገባሽም።»

«እሺ፣ ኤክስፕሌን አድርግልኝ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ዶክተሩ አዩ። ዶክተሩ በመስኮቱ ወደ ፓርኪንጉ አዩ። ሁለት የተማሩ ሰዎች አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር አጡ። በአያቷ ቤት የማይነገር፣ በመጽሐፍ የማይጻፍ፣ ግን በምግብ ጠረጴዛ ላይ በየወሩ የሚሠራበት ነገር እንዴት ተደርጎ ይገለጻል? እኔም አላገዝኳቸውም።

«በቃ በድምፅ እንጨርሰው» አሉ ሊቀመንበሩ። «አሜሪካ ነው ያለነው።»

ልጅቷ አባል አይደለችምና ድምፅ የላትም። እኔም ጉዳዩ የሚመለከተኝ ስለሆነ አልመርጥም ተባለ። ማኅበሩ የአዳራሽ ቀን ለመወሰን እንኳ አንድ ዓመት የተጨቃጨቀ ማኅበር ነው። ያን ቀን ሦስት እጅ አንድ ላይ ተነሳ። ሊቀመንበሩ በቀዩ ማርከር ሰሌዳው ላይ «ስማቸው ያልታወቀ ባለሙያ» ብለው ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት። ጽሕፈታቸው ቆንጆ ነው፤ ይህን አልክድም።

ከዚያ ፎርሙን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ እስክሪብቶም ከኪሳቸው አወጡ።

«በሉ እትዬ፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ሳይን ያድርጉልን። እኛ እኮ ቤተሰብ ነን። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ የሚደርስልዎ ማኅበሩ ነው።»

ሬሳዬን ማለታቸው ነው። ገብቶኛል፤ እንዲገባኝም ነው ያሉት። ከእናቴ አጠገብ ያለውን ቦታ አሰብኩት። ረጅም ጊዜ አልወሰደብኝም።

«ልጄ» አልኳት ልጅቷን፣ «ስካን ያደረግሽውን አጥፊልኝ።»

አያቷን አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጣቷ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገና ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። ስክሪኑ ባዶ ነበር።

«ዲሊት አድርጌዋለሁ፣ እማማ። ከፎኔም አጠፋለሁ።» አጠፋች፣ አሳየችኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት!» አሉ ሊቀመንበሩ። «ኮቨሩስ? የወረዳው ታሪክ እኮ ነው!»

ፎርሙን ሳልፈርምበት ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ከቤት ይዤው የመጣሁትን ዋናውን ፎቶ ፖስታው ውስጥ ከተትኩ፣ ኮቴን ቆለፍኩና ወጣሁ።