ሁለተኛው ረድፍ ላይ የቀረው ቦርሳ

ይህ ያጋጠመኝ የካናዳዋ ካልጋሪ በነዳጅ ገንዘብ በሰከረችበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር አይቻለሁ፣ ብዙ አውሮፕላንም ተሳፍሬአለሁ። ይህቺን ታሪክ ግን የሰማ ሁሉ "እንዲህ ያለ ሞኝነት!" እያለ ይስቅብኛል። እኔ እስከ ዛሬ ስላልተስማማሁ በራሴ አፍ ልንገራችሁ።

በዚያን ጊዜ ካልጋሪ ውስጥ ሥራ ነበር ሰውን የሚፈልገው። እኔም ከመጋዘን ዕቃ ጫኝነት ተነስቼ፣ ኮርስ ወስጄ፣ የነዳጅ ጉድጓድ መለኪያ መሣሪያዎችን የሚጠግን ኩባንያ ውስጥ ቴክኒሻን ሆኜ ነበር። እኔና ባለቤቴ ታራዴል የሚባል ሰፈር ቤት ከገዛን ገና አልከረምንም። እጄ ጥሩ ነበር፤ ይህንን ስናገር አላፍርም።

አንድ ቀን ጠዋት አለቃዬ ብራያን ቢሮው ጠራኝ። ማሌዥያ ውስጥ፣ ሚሪ ከምትባል የነዳጅ ከተማ አጠገብ ባሕር ላይ፣ የአንድ ደንበኛችን ቁፋሮ ቆሟል። የተበላሸው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ሙቀትና ግፊት የሚለካው ዕቃ ነው። መለወጫው ደግሞ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው። በካርጎ ቢላክ ይንገላታል፣ ይዘገያልም። ስለዚህ አንድ ሰው ተሸክሞት ሄዶ እዚያው ሊገጥመው ነው።

"ሲሳይ፣ የምትሄደው አንተ ነህ። ዕቃው ያለበት ቦርሳ ከዓይንህ እንዳይጠፋ" አለኝ።

ደንበኛው ተማሮብን ስለነበር ውላችን አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። እኔም ወደ ውጭ አገር ስላክ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ካበላሸሁ ሁለተኛ እንደማይኖር ብራያን አልነገረኝም፣ ግን ገብቶኛል።

ሳቁ የጀመረው ቲኬቱ ሲመጣ ነው። ውቅያኖሱን የማቋርጠው በኢኮኖሚ ነው። የመጨረሻዋ አጭር በረራ፣ ከዋና ከተማው ከኩዋላ ላምፑር እስከ ሚሪ ያለችው፣ ቢዝነስ ክላስ ነች። ባለቤቴ ሐና ቲኬቱን ደግማ አነበበችው።

"ዌይት! ረጅሙን ሁሉ ኢኮኖሚ፣ ሁለት ሰዓቷን ቢዝነስ ክላስ? ሲሪየስ ናቸው?"

"ለእኔ እኮ አይደለም፣ ለቦርሳው ነው። እዚያ ኢኮኖሚ ላይ ከባድ ካሪ ኦን ወደ ውስጥ አያስገቡም፣ ከሻንጣ ጋር ቼክ ኢን አድርገው ይሉኛል።"

"እና ቢዝነስ ክላስ የሚበረው ቦርሳው ነው በለኛ! አንተ አጃቢ ነህ።"

ያም ሆኖ ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ወሰደችኝና አዲስ ጃኬት ገዛችልኝ። አጃቢም ቢሆን ደህና ልብስ ይልበስ ብላ ነው።

ከብዙ ድካም በኋላ ኩዋላ ላምፑር ደረስኩ፣ ከዚያም የሚሪውን አውሮፕላን ተሳፈርኩ። እውነቱን ለመናገር የእነዚህ አጫጭር በረራዎች ቢዝነስ ክላስ ያን ያህል የሚወራለት አይደለም። ወንበሩ ሰፋ ይላል። ሞቅ ያለ እርጥብ ፎጣና አንድ ብርጭቆ የጉዋቫ ጭማቂ ይሰጡሃል። ምግቡን በወጉ ሳትጨርስ አውሮፕላኑ መውረድ ይጀምራል። ግን በኢኮኖሚ ጉልበቴን አገጬ ሥር ቀብሬ ለመጣሁት ለእኔ ያ ወንበር ዙፋን ነበር። ቦርሳዬን ከራሴ በላይ ያለው ሣጥን ውስጥ አስገባሁ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጥኩ፣ እግሬንም ዘረጋሁ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ቢዝነስ ክላስ ያለ ሰው ቀድሞ ይገባል፤ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ እሱን እያለፈ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው። እኔ ያደግኩበት ቤት ደግሞ ትልቅ ሰው ቆሞ ልጅ አይቀመጥም። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ይባላል፣ "ኖር" ይባላል፣ እሳቸው "በእግዜር" ብለው እስኪቀመጡ ይጠበቃል። ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውነቴ ውስጥ የገባ ነገር ነው፣ አስቤ የማደርገው አይደለም።

የመጀመሪያው ሽማግሌ ሲያልፉ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። አስተናጋጇ መጣች።

"ጌታዬ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?"

"የለም፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ።

ቀጥለው አንዲት አሮጊት መጡ። አሁንም ተነሳሁ። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ መጸዳጃ ቤቱ ከፊት እንደሆነ በጆሮዬ ነገረችኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ከፍ አደረገ። እየሳቀ እንደሆነ ትከሻው ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ጥቁር ቆብ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ ከዘራ ተደግፈው መጡ። አንዱ ጉልበታቸው በፋሻ ስለተጠቀለለ ሱሪያቸው በዚያ በኩል አብጧል። ከፊታቸው ሰዎች ዕቃ እየሰቀሉ ስለነበር ሰልፉ ቆመ። ሽማግሌው የወንበሬን መደገፊያ ያዙ። ክብደታቸው ሁሉ ወንበሩ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።

"ይቀመጡ አባቴ" አልኩ በአማርኛ። አማርኛ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ ብዬ ነበር፣ እውነት። ሰልፉ ግን ተንቀሳቀሰ፣ አለቀ፣ በሩም ሊዘጋ ሆነ። ሽማግሌው እግራቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንግዲህ በገዛ እጄ ያስቀመጥኳቸውን አባት እንዴት አድርጌ ይነሱ ልበላቸው? እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር?

አስተናጋጇ የእርስዎ ወንበር ነው፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። የሽማግሌውን የመሳፈሪያ ካርድ ወስጄ ወደ ኋላ ሄድኩ። ቦርሳዬን ላወርድ ስል እጇን አነሳች፤ ከኋላ ያሉት ሣጥኖች ሁሉ ሞልተዋል፣ እዚሁ ይቆይ አለችኝ። ነገሩ ትክክል ነበር፣ ቆየ።

ቦታዬ ጅራቱ አካባቢ፣ በሁለት ወፋፍራም ሰዎች መካከል ነበር። ፎጣም ጉዋቫም የለም። ደስ ብሎኝ ነበር ግን። እንዲያውም ሐናን ቢዝነስ ክላስ የበረው ቦርሳው ብቻ ነው ብዬ እንዴት እንደማስቃት እያሰብኩ ነው የሄድኩት።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር፤ ቀድሞ የሚገባው ቢዝነስ ክላስ ቀድሞ ይወርዳል።

ሚሪ አርፈን ሰው ሁሉ እስኪወርድ ጠብቄ ሁለተኛው ረድፍ ስደርስ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሣጥኑም ተከፍቶ ባዶ ነው። በሩ ላይ የቆመችውን ሌላዋን አስተናጋጅ ቦርሳዬስ አልኳት።

"ለሽማግሌው አወረድኩላቸው እኮ። ይዘውት ወጡ" አለችኝ።

አይፈረድባትም፤ ከወንበሩ በላይ ያለ ዕቃ የተቀመጠበት ሰው ነው ብላለች። እኔ ግን ሮጥኩ። ሩጫዬም ብዙ አልሄደም። ሚሪ ያለችበት ግዛት በረራው የአገር ውስጥም ቢሆን የራሱ የፓስፖርት ፍተሻ አለው። የአገሩ ሰው መታወቂያውን አሳይቶ ውልቅ ይላል፤ የውጭ ዜጋ ይሰለፋል። የሰልፉ ጭራ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ቦርሳዬ ተወሰደ ብዬ ፖሊሱን ለመንኩት። እሱም በጣቱ ወደ ሰልፉ መለሰኝ።

ፈራሁ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። ለብራያን ደውዬ ምን እለዋለሁ? ወንበሬን ለቅቄ፣ ዕቃውን ትቼ፣ የማላውቀው ሰው ይዞት ሄደ ልበል? የቆመው ቁፋሮ፣ የሚበጠሰው ውል፣ ሐና ገና መጋረጃ ያልሰቀለችበት ቤት፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝ። በዚያ ሁሉ መሃል ግን በሽማግሌው መናደድ አልቻልኩም።

ማህተሙ እንደተመታልኝ ወደ መቀበያው አዳራሽ ወጣሁ። መውጫው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ሽማግሌው ተቀምጠዋል። በፋሻ የተጠቀለለውን እግራቸውን ዘርግተው ቦርሳዬን ጭናቸው ላይ አድርገዋል፣ ሁለቱንም ክንዳቸውን በማንገቻው ውስጥ አስገብተዋል። ፊት ለፊታቸው ሦስት ሰዎች ቆመው ይጨቃጨቋቸዋል። አንዱ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት የያዘ የደንበኛችን ሾፌር ነው፣ አንዱ የአየር ማረፊያው ጥበቃ። ሦስተኛዋ ሻሽ ያደረገች ሴት ስትሆን ከሁሉም በላይ የተቆጣችው እሷ ነች።

ሽማግሌው ሲያዩኝ በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙና አንድ ነገር ተናገሩ። ሦስቱም ዞሩ።

"እርስዎ ነዎት?" አለችኝ ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ። "ልጃቸው ነኝ። አባባ እኮ አስቸገሩን! ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ገና ሳምንታቸው ነው። የሕመም ማስታገሻቸው ቤት ነው ያለው፣ ሰዓቱም አልፏል። እንሂድ ብላቸው፣ ወንበሩን ለለቀቀልኝ ልጅ ዕቃውን ሳላስረክብ አልሄድም ብለው እምቢ አሉ።"

"ቦርሳውን ለሾፌሩ ለምን አልሰጡትም?"

"ሾፌሩማ ወረቀቱ ላይ ያለውንና ቦርሳው ላይ ያለውን ስም አስተያይቶ አሳያቸው። ጥበቃውም እኔ ላስቀምጠው አላቸው። እሳቸው ግን፣ 'እኔ ስሙን አላውቀውም፣ የማውቀው ፊቱን ነው' ይላሉ።"

አዳራሹ በማቀዝቀዣ የበረደ ነበር። የሽማግሌው ግንባር ግን በላብ ርሷል። ሕመሙ ነው። ልጃቸው እየተቆጣች፣ ጥበቃው እየገሠጻቸው፣ እኔ ሰልፍ ላይ የቆምኩትን ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ደረቅ አግዳሚ ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው ተቀምጠዋል። እኔ የሰጠኋቸው ለስላሳ ወንበር ነበር፣ ያውም በኩባንያ ገንዘብ የተገዛ። እሳቸው የሰጡኝ ከሥቃያቸው ነው።

ቦርሳውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። ዚፑን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ልጃቸውም "አልተከፈተም፣ እይ እያሉ ነው" አለችኝ። እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም። ቦርሳውን ጀርባዬ ላይ አንግቤ፣ በክንዴ ደግፌአቸው፣ እስከ መኪናቸው ሸኘኋቸው። ሾፌሩ ከኋላችን ሰዓቱን እያየ ይከተለን ነበር።

ዕቃው በማግስቱ ተገጠመ፣ ቁፋሮውም ቀጠለ።

ካልጋሪ ስመለስ ሾፌሩ ለአለቆቹ የነገራቸው ወሬ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ብራያን የቢሮውን በር ዘጋ።

"ከዓይንህ አይጥፋ አላልኩህም?"

"ብለኸኛል።"

"ሰውዬው ይዞት ቢሄድስ?"

"አልሄዱም" አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀና የሚቀጥለውን ሥራ ነገረኝ። እንደገና ያመነኝ ዕድለኛ ነው ብሎ ይሆናል። ወዳጆቼም ኢንተርናሽናል አቬኑ ከሚባለው ጎዳና ምሳ ላይ በተገናኘን ቁጥር የሚሉኝ ያንኑ ነው፤ ዕድል ነው ያወጣህ፣ ሁለተኛ እንዳትለምደው ይሉኛል።

እኔ ግን ዕድል ነው አልልም። ብራያን እንዳዘዘኝ ቦርሳውን በዓይኔ ልጠብቀው አልቻልኩም። የጠበቁት እሳቸው ናቸው፣ ከእኔም በተሻለ፣ ማንም ሳያዛቸው። ይህንን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር ቢኖር በዚያ ጥድፊያ ስማቸውን ሳልጠይቅ መቅረቴ ነው። ፊታቸውን ግን የትም ባየው አውቀዋለሁ።