ከጎመኑ ሥር ያለው አመድ

ብርሀነ ሰንሻይን በሚባል የሜልበርን ሰፈር ካለ አንድ የማገዶ ግቢ እየጫነ በየቤቱ የሚያደርስ ሹፌር ነው። በሱዳን በኩል ተሰዶ አውስትራሊያ ከገባ ጀምሮ እንጀራው ይኸው ነው። ዱሮም ዝምተኛ ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ዝምታው ብሶበታል። ሐሙስ ሐሙስ ማገዶ ይዞ ሜድስቶን ሰፈር፣ እትዬ ማንተግቦሽ ዘንድ ይደርሳል። በሐዘኑ ሰሞን ከደጁ ያልተለዩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ያለ ቋጠሮ አይሸኙትም።

በዚያ ክረምት፣ የማሞቂያ ማገዶ የሚያቀርብ ሁሉ ከሚሸጠው ከፊሉን ከታዳሽ ምንጭ እንዲያደርግ ደንብ ወጣ። አለቃው ከሰሉን ቀነሰና የወዳደቀ እንጨት እያስፈጨ፣ ጨምቆ እንክብል እያስደረገ በከረጢት መሸጥ ጀመረ። ከረጢቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሎበታል። አንድ ቀን ብርሀነ ወደ መፍጫው የሚገባውን ክምር አየ። የአሮጌ አጥር ቋሚ ነው፤ ምስጥ እንዳይበላው መርዝ የጠጣ፣ መልኩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ።

"ይህን ሰው ቤቱ ውስጥ ያቃጥለዋል?" ሲል ጠየቀ።

"እንጨት ከሆነ ታዳሽ ነው። ሌላው አያገባህም፤ መኪናህን ንዳ" አለው አለቃው።

ነዳ። ጭሱ እንደሆነ በጣሪያ ይወጣል ብሎ ራሱን አባበለ።

ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ እትዬ ማንተግቦሽ በር ላይ ጠበቁት።

"ዛሬ ደግሞ ምን ጎተተህ? ጎመን ቋጥሬልሃለሁ፤ ጾም ስትፈታ ትበላዋለህ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው?"

"ወይ ዶሮ! ሦስቱም አለቁ። አመዱ ላይ ሲንከባለሉ ውለው ክንፋቸውን ጥለው አገኘኋቸው። የፈረንጅ ዶሮ፣ የገዛ አገሩን ብርድ እንኳ አይችል!"

ብርሀነ አልሳቀም። "የቱ አመድ?"

"የምድጃው ነዋ! እንዳገራችን ጎመኑ ሥር እበትነዋለሁ፤ ድስትም እፈትግበታለሁ። ምኑ ይጣላል?"

ወደ ጓሮ ዞረ። ጎመኑ ተቀንጥሶ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ሥሩን ሁሉ አመድ ሸፍኖታል።

"እትዬ፣ ከዚህ ቀምሰዋል?"

"ትናንት በላሁ፤ ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ። እርጅና ነው። ምነው ፊትህ ጠቆረ?"

"አመዱ መርዝ ነው። ከማገዶው ነው። እኔ ካመጣሁት።"

እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አሳረፉ። ቀስ ብለው፣ "ብርሀነ፣ ትልቁን ድስት እኮ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ልኬዋለሁ። ጾመኛው ከቅዳሴ ሲወጣ እንዲበላው" አሉ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፤ ሁሉም ቅዳሴ ላይ ነው፣ ማን ያንሳው?

"እርስዎ አምቡላንስ ይጥሩ፤ እኔ ልድረስ" ብሎ ሮጠ።

ከረጢቶቹን እንደጫነ ሞተሩን አስነሣ። መንገዱ ተጨናንቋል። ቀይ መብራት ያዘው፤ ቅዳሴው የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል። እንደገና ደወለ፤ አሁንም የሚያነሳ የለም። ከፊቱ በየጣሪያው ቀጭን ጭስ ይወጣል። የትኞቹ ቤቶች እሱ ያደረሰላቸው እንደሆኑ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።