በሎርና ጀልባ ላይ የተጻፈው ስም

እኛ አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት የባሕር ዳርቻ ላይ ጀልባ ያለ ሴት ስም ባሕር አይገባም። ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ በወጥመድ የሚይዝ አጥማጅ ሁሉ የሚስቱን ስም ከጀልባው ኋላ ያስጽፋል፤ ሚስት ከሌለው የእናቱን። የሚጽፈው ጀልባ ቀቢው መርል ነው። ወደባችን ላይ ያሉት ሃያ ሦስት ጀልባዎች በሙሉ የእሱ የእጅ ሥራ ናቸው። ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ጭንቅላቱም እንደዚያው፣ ከያዘው ንቅንቅ አይልም።

ሎርና ጀልባዋን ከአባቷ ወርሳ ኋላው ላይ «ኢዳ» እንዳለ ትታዋለች፤ የእናቷ ስም ነው። ሠላሳ ዓመት ወጥመዷን ብቻዋን ስትስብ ኖራለች። ቤቷን ግን ከኮኒ ጋር ነው ያቆመችው፤ ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ኮኒ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፣ የሁላችንንም ልጆች አመላልሳለች። ነገሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ «የሎርና ደባል» እያልን እናልፈዋለን። እኔም እል ነበር፣ ሳስበው ያሳፍረኛል።

«እኔን ቤት ትተሽ በየቀኑ ከእናትሽ ጋር ነው የምትውይው» ትላታለች ኮኒ። ቀልድ ነው፣ ግን ሎርናን ይሰማታል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የግዛቱ ምክር ቤት ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች መጋባት ይችላሉ ብሎ ወሰነ። ሎርና በዚያው ሰሞን መርል ዘንድ ሄደች።

«ኢዳን ፋቅልኝና ኮኒ ብለህ ጻፍልኝ።»

«ኮኒ ምንሽ ናት?»

«ምኔ እንደሆነች ታውቃለህ።»

«የማውቀውን ተዪው። እኔ የሚስት፣ የእናት፣ የልጅ ስም እጽፋለሁ። የደባል ስም ጽፌ አላውቅም። የጋብቻ ወረቀት አምጪ፣ እጽፍልሻለሁ።»

ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። መርል ደጁ ላይ «አይፈቀድ» የሚል ሰሌዳ ተከለ፤ ሕዝቡም ሕጉን ሻረው። በማግስቱ ሎርና የመኪናዋን መሪ በሁለት እጇ ይዛ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ወደቡ ላይ ተቀምጣ አየኋት። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ድምፅ ተሰጠ። መርል ያንኑ አሮጌ ሰሌዳ አውጥቶ ተከለ፤ በዚህኛው ግን ተሸነፈ። ሎርናና ኮኒ በጥር ተጋቡ። ጀልባ በሚቀባበት በሚያዝያ ሎርና ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ መጣች።

መርል መነጽሩን አደረገ። ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ገልብጦም አየው።

«ሁለቴም የመረጥኩት እንዳይፈቀድ ነው» አላት።

«ሰሌዳህን ሳየው ነው የከረምኩት።»

«አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም።»

«ሐሳብህን ማን ጠየቀህ? ወረቀት አምጪ አልክ፣ አመጣሁ።»

እዚያው ቆሜ ስሰማ ቃሉን ያጥፋል ብዬ ጠበቅኩ። መርል ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰላት።

«ቀለሙ ምን ይሁን?» አለ።

በሁለተኛው ቀን ሳልፍ የኮኒን ስም ጽፎ የመጨረሻዋን ፊደል ሲፍቅ አገኘሁት። ለእኔ ዓይን ምንም አልጎደላትም።

«ደህና አልነበረችም እንዴ?» አልኩት።

«ትንሽ ዘመም ብላለች።»

«ባሕር ላይ ማን ያያታል ብለህ ነው?»

«ሚስቷ ታያታለች» አለና ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ።

እኔም ደባል ማለት የተውኩት የዚያን ቀን ነው።